ዓሣው ተወዳዳሪ ነውን?



በቆጂን የሚያውቅ ሰው ብርዷንም ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይገባል፤ ቤተሰብም ፍም ከብቦ ይቀመጣል። ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ በእጅ ስልክ ሲመለከተው የነበረውን ፊልም አምጥቶ አሳየኝ። ቦታው እንግሊዝ አገር ነው። በአንድ ሰው ሠራሽ ኩሬ ዙሪያ ሰዎች በየተመደበላቸው ስፍራ ተቀምጠው ካርፕ የሚባለውን ዓሣ በማጥመድ ይወዳደራሉ። አንደኛው ትልቅ ዓሣ ጎትቶ አወጣና መንጠቆውን ከከንፈሩ ነቀለ። ቀኑ ሲያበቃ የተያዙት ሁሉ ተመዘኑ፤ ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ከዚያም ዓሣዎቹ በሙሉ ወደ ኩሬው ተመለሱ።

ልጄ ግራ ገባው። ‹‹አባ፣ አይበሉትም እንዴ?›› አለኝ።

‹‹አይበሉትም›› አልኩት።

‹‹ታዲያ ለምን ያዙት?››

‹‹ለውድድር ነዋ!››

ትንሽ አሰበና፣ ‹‹ዓሣውም ይወዳደራል?›› ሲል ጠየቀኝ።

እኔም፣ ‹‹ዓሣ ምን ይወዳደራል! እነዚህ ሰዎች ጨካኞች ናቸው›› ብዬ ወሬውን ልቆርጠው ሞከርኩ። ልጄ ግን በዚህ አላበቃም፤ ቀጥሎ የተናገረውን ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ። ለጊዜው ጥያቄውን እንያዝ። ሰው እየተደሰተበት ባለ ጨዋታ ውስጥ ያልመረጠና ያልተስማማ ፍጡር ቢታመም፣ ጨዋታው ንጹሕ ነውን? በመጨረሻ በሕይወት ቢለቁትስ ነገሩ ይቀየራልን?

‹‹ለእኛ ምናችን ነው?››

ምናልባት እርስዎ፣ ‹‹የአርሲ ደገኛ ቤተሰብ ከእንግሊዝ ኩሬ ጋር ምን ያገናኘዋል?›› ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በቆጂ የገብስና የስንዴ፣ የበግና የፈረስ አገር ናት። ዓሣ በማዕዳችን ላይ እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ካርፕ ጎረቤታችን ነው። ከጭላሎ፣ ከገለማና ከካካ ተራሮች የሚወርዱ ጅረቶች ካታር ወንዝን እየሞሉ ቁልቁል ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። በዚያ ሐይቅ ውስጥ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ከውጭ የመጣው ካርፕም ይኖራል። በጎቻችን ጠጥተው የተረፈው ውኃ አንድ ቀን እርሱ ዘንድ ይደርሳል ማለት ነው።

ለጨዋታ ማጥመድም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጎረቤታችን በባሌ፣ እንደ ወይብ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ የሚገኘው ትራውት የተባለው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። በዘንግ ማጥመድን የሚወዱ ሰዎችም ለእርሱ ሲሉ ወደዚያ ሲሄዱ ኖረዋል።

ከዚህም በላይ ዘመኑ ራሱ አገናኝቶናል። ድሮ ልጅ የሚያየው የሰፈሩን ጨዋታ ነበር። አባትና እናትም የልጃቸውን ጨዋታ ያውቁታል፤ የሚፈቅዱትን ይፈቅዳሉ፣ የሚከለክሉትን ይከለክላሉ። ዛሬ የዓለም ጨዋታ ሁሉ በአንዲት ስልክ ውስጥ ገብቶ በየቤታችን ፍም ዳር ተቀምጧል። ልጁ ‹‹ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ?›› ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ቤተሰቡ ካልሆነ፣ ስልኩ ራሱ ይመልስለታል።

የኩሬው ውሎ

በመጀመሪያ ለእነዚያ ሰዎች ፍትሕ እናድርግላቸው። ያላወቁትን ነገር መኮነን አይገባምና፣ እኔም ልጄን ‹‹ጨካኞች ናቸው›› ካልኩት በኋላ ስለ ውድድሩ የተጻፈውን ፈልጌ አነበብኩ።

የአንድ ቀን የካርፕ ውድድር እንዲህ ይውላል። ተወዳዳሪዎቹ በማለዳ ኩሬው ዳር ይሰበሰባሉ። በኩሬው ዙሪያ ቁጥር የተሰጣቸው መቀመጫዎች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕጣ ይለያል። ዓሣው የሚያዘወትረው ጥግ የደረሰው ሰው ግማሹን ውድድር እንዳሸነፈ ይቆጠራል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ። አንዳንዱ የሚይዘው ዘንግ እስከ 16 ሜትር ይረዝማል። በቆሎ፣ ትል ወይም ከዱቄት የተሠራ ጥቃቅን መኖ እየበተኑ ዓሣውን ወደራሳቸው ያባብሉታል። ካርፕ ጭቃ ውስጥ ምግቡን እየፈለገ የሚኖር፣ ጠንካራና ዕድሜው ረጅም የሆነ ዓሣ ነው። መንጠቆ ሲይዘው በኃይል ይታገላል፤ ተወዳጅ ያደረገውም ይኸው ትግሉ ነው።

የተያዘው ዓሣ ውኃ ውስጥ በተዘረጋ የመረብ ከረጢት ታስሮ ይቆያል። አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ምልክቱ እንደገና ይሰማል። መዛኞች ሚዛን ይዘው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ በጠቅላላ ክብደት የበለጠው ያሸንፋል። በአንድ ቀን ከ45 ኪሎ በላይ የሚያስመዝን ሰው ብርቅ አይደለም። ከዚያም ዓሣው ሁሉ ይለቀቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሰዎች እነዚያኑ ዓሣዎች ሊይዙ ይመጣሉ። በፈረንሳይ አገር ደግሞ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጡ ለቀናት የሚዘልቁ የካርፕ ውድድሮች አሉ።

ሰዎቹ ለዓሣው የሚያደርጉት ጥንቃቄም አለ፤ ይህን መደበቅ ግፍ ነው። በብዙዎቹ ኩሬዎች ከንፈርን የሚቦጭቅ ጥርስ ያለው መንጠቆ ክልክል ነው። ዓሣውን ደረቅ መሬት ላይ አያስቀምጡትም፤ ውኃ የነካው ለስላሳ ምንጣፍ ያነጥፉለታል። ቁስሉ ላይ መድኃኒት የሚቀቡም አሉ። በአንድ መረብ ውስጥ ምን ያህል ኪሎ ዓሣ እንደሚቆይም ይወሰናል። የውኃ ብክለትን ተከታትለው ፋብሪካ ፍርድ ቤት የሚያቆሙት እዚያ አገር ብዙ ጊዜ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራት ናቸው።

ከእነዚህ ዓሣዎች መካከል በስም የታወቁ አሉ። በፒተርቦሮ ከተማ አቅራቢያ ብሉቤል በሚባሉት ኩሬዎች ውስጥ ቤንሰን የተባለች ካርፕ ነበረች። ክብደቷ እስከ 29 ኪሎ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ስትሞት ጋዜጦች ዜናዋን አወጡ፤ ብዙ ሰዎችም አዘኑላት። በአሥራ ሦስት ዓመታት ውስጥ ከ60 ጊዜ በላይ እንደተያዘች ተነግሯል።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ይቁሙ። ስም ያወጡላት፣ ክብደቷን የመዘገቡላት፣ ስትሞት ያዘኑላት ሰዎች ናቸው ከስድሳ ጊዜ በላይ መንጠቆ ከከንፈሯ የነቀሉት። ይህ ተራ ጭካኔ አይደለም። ፍቅርና ጉዳት በአንድ እጅ ውስጥ ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው። ስለዚህም ‹‹ጨካኞች ናቸው›› የሚለው ፈጣን መልሴ ለልጄ ጥያቄ እንደማይበቃ ገባኝ።

በቆጂ የምታውቀው ውድድር

ስለ ውድድር የበቆጂ ሰው ብዙ አይነገረውም። ይህች ትንሽ ከተማና አካባቢዋ ለዓለም የሰጠቻቸውን ሯጮች ልጆቻችን ከፊደል ጋር ይማሯቸዋል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ፣ ከኋላዋ የገባችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኢላና ሜየርን እጅ ይዛ ሜዳውን አብረው ዞሩት። የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ማራቶንን አሸንፋ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። እነ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በዚሁ ብርድ ውስጥ ነው የሮጡት።

በማለዳ ጫካው ዳር የሚሮጡትን ወጣቶች ይመልከቷቸው። ደረታቸው ይቃጠላል፤ እግራቸው ይደማል። ነገር ግን የሚቃጠለው የራሳቸው ደረት ነው። ፈልገው ነው የመጡት። የደከመው ከመስመሩ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ማንም አንገቱን አስሮ አይጎትተውም። የተሸነፈውም እጁ ተይዞ ሜዳውን ሊዞር ይችላል።

ወደ ኩሬው ስንመለስ ነገሩ የተለየ ነው። ተወዳዳሪው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የሚታገለውና ትንፋሽ የሚያጥረው ዓሣው ነው። ሽልማቱ ለሰውዬው ነው፤ ሕመሙ ለዓሣው ነው። ዓሣው ‹‹ደከመኝ፣ ልውጣ›› አይልም። ቢያሸንፍ፣ ማለትም ገመዱን በጥሶ ቢያመልጥ፣ የሚያገኘው ያው ቀድሞ የነበረውን ነጻነቱን ነው፤ አንዳንዴም መንጠቆውን ከንፈሩ ውስጥ ይዞ። እንግዲህ ልጄ የጠየቀው ይህንን ነበር። በዚያ ውድድር ውስጥ ዋናውን ድካም የሚደክመው ተወዳዳሪ ያልሆነው ነው።

ዒብኑ ዑመር ያያቸው ወጣቶች

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ‹‹እስልምና ጨዋታ አይወድም›› ይል ይሆናል። ይህ ስህተት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤታቸው ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር መሮጣቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ፈረስም አወዳድረዋል። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ለውድድር ተቀልበው የተዘጋጁት ፈረሶች ረጅሙን መንገድ፣ ያልተዘጋጁት ደግሞ በጣም አጭሩን እንዲሮጡ ተደርጓል። ከዘጋቢዎቹ አንዱ የመጀመሪያውን አምስት ወይም ስድስት ማይል፣ ሁለተኛውን አንድ ማይል ብሎ ገምቶታል። ልብ ይበሉ! ውድድሩ የተለካው በእንስሳው አቅም ነው፤ ፈረሱ በተመልካቹ ፍላጎት ልክ እንዲሮጥ አልተደረገም። በዚያ ውድድር ከተሳተፉት ወጣቶች መካከል ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አንዱ ነበሩ።

እኚሁ ሶሐቢይ ከዓመታት በኋላ በመንገድ ሲያልፉ የቁረይሽ ወጣቶች አንዲትን ወፍ አስረው በፍላጻ ሲወዳደሩባት አገኟቸው። ወጣቶቹ ከወፏ ባለቤት ጋር ውል ነበራቸው፤ ዒላማውን የሳተ ፍላጻ ሁሉ ለባለቤቱ ይሆናል። ኢብኑ ዑመርን ባዩ ጊዜ ተበታተኑ። እርሳቸውም ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግን ሰው የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደረገሙት ነገሯቸው። ዘገባው በሙስሊም ሶሒሕ ውስጥ ይገኛል።

ውድ አንባቢ፣ እነዚህን ሁለት ታሪኮች አንድ ላይ ያስቀምጧቸው። በፈረስ ውድድር የተሳተፈው ወጣትና ወጣቶቹን የተቆጣው ሽማግሌ አንድ ሰው ናቸው። ስለዚህ የተወገዘው ውድድር አይደለም፤ ደስታም አይደለም። የተወገዘው ነፍስ ያለውን ፍጡር የጨዋታ ዕቃ ማድረግ ነው። ቁርኣን በሱረቱል አንዓም በምድር የሚሄዱትና በሰማይ የሚበርሩት ፍጥረታት እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል። ሕዝብ ደግሞ ዕቃ አይሆንም።

የሚለቁትስ?

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። የእንግሊዙ አጥማጅ እንዲህ ቢለን ምን እንመልሳለን? ‹‹እናንተ ከዝዋይ ዓሣ አውጥታችሁ ትገድሉታላችሁ፤ ጠብሳችሁም ትበላላችሁ። እኔ ግን ዓሣዬን በሕይወት እመልሰዋለሁ። ዓሣው ምርጫ ቢሰጠው የእኔን መንጠቆ ይመርጣል ወይስ የእናንተን መጥበሻ? ታዲያ የእናንተ የተፈቀደ፣ የእኔ የተጠላ የሚሆነው እንዴት ነው?››

ይህ ተንኮል ያለበት ክርክር አይደለም፤ በቅን ሊታሰብበት ይገባል። እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ያለው ሐቅ በሚለው ቃል ውስጥ ነው። እንስሳት ላይ እጃችንን እንድንዘረጋ የተፈቀደልን ስለቻልን አይደለም። በሱረቱል አዕራፍ የተነገሩት የቅዳሜ ሰዎች ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። ማጥመድ በተከለከለበት ቀን ዓሣው ራሱ ወደ ዳር ይመጣላቸው ነበር፤ መያዝ ይችሉ ነበር፤ ግን አልተፈቀደላቸውም። መቻል ሌላ፣ መፈቀድ ሌላ ነው። የባሕር አደን ለምግብነት የተፈቀደ መሆኑን ደግሞ ሱረቱል ማኢዳህ ይገልጻል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያለ ሐቅ የተገደለች ወፍ ነገር በቂያማ ቀን እንደሚያስጠይቅ፣ ሐቋም ታርዳ መበላቷ እንደሆነ ማስተማራቸው በነሳኢ ተዘግቧል። ብዙ ፉቀሃእም ለመብላት ወይም ለሌላ ጥቅም ሳይሆን ለጨዋታ ብቻ የሚደረግን አደን እንደሚጠሉት በመጽሐፎቻቸው አስፍረዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ችግር ወይም ረሃብ ራሱ ወሰን አለው። የዝዋዩ አጥማጅ መረቡን የሚጥለው ቤቱ ዳቦ እንዲገባ ነው። የሚበላውና የሚሸጠው ሲሞላ ይመለሳል፤ ዓሣውም አንድ ጊዜ ሞቶ ያበቃል። ጨዋታ ግን ጠግቦ አያውቅም። ቤንሰንን የያዛት ስልሳኛው ሰው ከሃምሳ ዘጠነኛው ያነሰ አልፈለጋትም፤ እንዲያውም ዝነኛ በሆነች ቁጥር ፈላጊዋ በዛ። በሕይወት መልቀቁ ምሕረት ይመስላል፤ ነገር ግን ነገ እንደገና ለመያዝ የተደረገ ምሕረት ነው።

‹‹ዓሣ አይሰማውም›› የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በስኮትላንድ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ግን የትራውት ዓሣዎች ከንፈር ላይ የንብ መርዝና አሲድ በመርፌ ሲሰጥ፣ ዓሣዎቹ ትንፋሻቸው እንደፈጠነ፣ አንዳንዶቹም ከንፈራቸውን በጠጠር ላይ እንዳሹ፣ ምግብ ለመብላትም እንደዘገዩ አሳይቷል። ሌሎች ሳይንቲስቶች የዓሣ አንጎል ከሰው አንጎል ስለሚለይ ሕመም እኛ እንደምናውቀው አይሰማውም ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። ይሁን እንጂ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ፣ ገና ሲነሱ ለመልቀቅ አስቦ ዓሣ ማጥመድን ከልክላለች። እኛም ብንሆን አጠራጣሪውን ትተን ወደማያጠራጥረው እንድንሄድ ተምረናል። አንድ ሰው ተርቦ ሳለ ጥርጣሬ ቢገጥመው ይቸገራል፤ ሊዝናና ወጥቶ ጥርጣሬ የገጠመው ሰው ግን ሌላ መዝናኛ ይፈልጋል እንጂ ምን ይጎድልበታል?

የገንዘቡ ነገርም አለ። በእነዚህ ውድድሮች ብዙ ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ያዋጡት ገንዘብ ተሰብስቦ ከፍተኛ ኪሎ ላስመዘኑት ይከፋፈላል። ሁሉም አዋጥቶ ጥቂቶች የሚወስዱት ገንዘብ ወደ ቁማር በር እንደሚያስጠጋ ለሙስሊም ቤተሰብ መንገር አያስፈልግም። የሳተ ፍላጻ ለወፏ ባለቤት እንዲሆን የተዋዋሉትን ወጣቶች እዚህም እናገኛቸዋለን። ዝርዝር ሑክሙን ግን ለዑለማእ እተወዋለሁ፤ ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለምና።

በዘንግ ማጥመድ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩም አይደለም። አባት ልጁን ይዞ ውኃ ዳር ቢወርድ፣ ትዕግሥትን ቢያስተምረው፣ የያዙትን ዓሣ ይዘው ገብተው እናት ብትጠብስላቸውና ቤተሰቡ ቢስሚላህ ብሎ ቢበላ፣ ደስታውም ሐላል ነው፣ ምግቡም ሐላል ነው። ደስታ ከጥቅም ጋር ሲመጣ ኒዕማ ነው።

ልጄ የተናገረው

አሁን ቃል የገባሁልዎትን ልንገርዎት። ያን ምሽት ‹‹ጨካኞች ናቸው›› ስለው፣ ልጄ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ ‹‹የጋሪው ፈረስስ?›› አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ምሽት ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ልጄን ይዤ በጋሪ ወደ መናኸሪያ እየሄድን ነበር። ከጎናችን ሌላ ጋሪ መጣ። ተሳፋሪዎቹ የምናውቃቸው ሰዎች ነበሩና ሳቅና ፉከራ ተጀመረ። እኔም በሳቁ ተሳብኩ። ባለጋሪውን፣ ‹‹ቅደመውና ሃያ ብር እጨምርልሃለሁ!›› አልኩት። ወጣቱ ጅራፉን አነሳ። ፈረሱ ከሲታ ነበር፤ ጀርባው ላይ የኮርቻው ቁስል ይታያል። ከጠዋት ጀምሮ ሲጎትት የዋለ ነው። ዳገቱ ላይ ሲደርስ እግሩ አዳለጠውና በጉልበቱ ወደቀ። ባለጋሪው እየደበደበ አስነሳው፤ ፈረሱም እየደማ ሮጠ። ቀደምን። ሃያ ብሩን ከፈልኩ። ወርጄ እየሳቅሁ ሄድኩ፤ ልጄ ግን አልሳቀም ነበር። ለምን እንዳልሳቀ የገባኝ ያን ምሽት ነው።

ውድ አንባቢ፣ እኔ ከኩሬው ሰዎች በምን እሻላለሁ? እነርሱ እንኳ ለዓሣው ቁስል መድኃኒት ይይዛሉ። እኔ የፈረሱን ጉልበት ዞር ብዬ አላየሁም። ፈረሱ ጭነት ሊጎትት፣ ሰው ሊያደርስ ለጥቅም ተፈቅዶልኛል፤ ያ ሐቄ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው፣ የሃያ ብሯ ሩጫ፣ የሳቁ ሩጫ፣ ሐቄ አልነበረም። አንድ ግመል ባለቤቱ እያስራበና እያደከመ እንደሚያንገላታው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ማለቱን፣ እርሳቸውም ባለቤቱን በእንስሳው ጉዳይ አላህን እንዲፈራ ማሳሰባቸውን አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። የኔው ፈረስ አቤት የሚልበት ቢያጣ ዝም ያለ እንዳይመስለኝ እፈራለሁ።

የሩቅ አገር ሰው ጥፋት ከሁሉ ቀድሞ ይታየናል፤ ምክንያቱም የእኛ ጥቅም የለበትም። በራሳችን ደጅ የሚደረገውን ግን ልማድ ሸፍኖታል። ልጆቻችን በወንጭፍ ወፍ ሲመቱ ‹‹ልጅ ነው፣ ይጫወት›› እንላለን። የውሻ ግልገል በገመድ አስረው ሲጎትቱ አይተን እናልፋለን። አህያ ከአቅሟ በላይ ተጭና ስትወድቅ የምናዝነው ለእህሉ ነው። ለዚድም ሆነ ለዚያ ቤተሰብ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ እላለሁ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሯቸው። ይህን የማደርገው ለሚያስፈልገኝ ነገር ነው ወይስ ለሳቅ? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው፣ እኔ ወይስ አፍ የሌለው? ወሰኑን የለካሁት በእርሱ አቅም ነው ወይስ በእኔ ፍላጎት?

በማግሥቱ ከዝሁር በኋላ ልጄን ይዤ ወደ ጋሪ ተራ ሄድኩ። ባለጋሪውን አግኝቼ፣ ‹‹ያን ቀን ወደ ጥፋት የገፋሁህ እኔ ነኝ፤ አውፍ በለኝ›› አልኩት። እርሱም ሳቀና፣ ‹‹ኧረ ጋሼ፣ ለዚህ ነው እንዴ!›› ብሎ አውፍ አለኝ። ለፈረሱ አንድ እቅፍ ሣር ገዝተን ነበር፤ ልጄ አቀረበለት፤ ፈረሱም በላ። ጉልበቱ ላይ ያለው ቁስል ገና አልሻረም።

ሰውን ብንበድል አውፍ እንዲለን እንለምነዋለን፤ እርሱም ይላል ወይም አይልም። ፈረሱን ግን ምን ብዬ ልለምነው? ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ይህንኑ ጠየቀኝ፤ ‹‹አባ፣ ፈረሱስ አውፍ ብሎሃል?›› አለኝ። ‹‹አላውቅም፤ አላህ ነው የሚያውቀው›› አልኩት። ካየነው ዓሣ ጀምሮ ከሰጠሁት መልስ ሁሉ በእርግጠኝነት የተናገርኩት ይህ ብቻ ይመስለኛል።

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ሥር ባደረጋቸው ፍጥረታት ላይ የምናዝን ያድርገን፤ ልጆቻችንንም ከእኛ የተሻሉ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።